ቧንቧው ጋ የጎደለው ድንኳን

የድንኳን ሰፊዋ የውባንቺ ነቀርሳ እግር አወጣ ተባለ።

ወሬው ሰኞ ጠዋት ከተክለ ሃይማኖት ሲነሳ ትንሽ ነበር። "ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ወደ ብብቷ ሄደ" ከማለት አያልፍም። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲደርስ ጉበቷን አዳረሰ። እዚያ ታክሲ የሚጠራ አንድ ወያላ ሳምባዋን በነፃ ጨመረበት። ሶማሌ ተራ ሲገባ ነቀርሳው እጅም አብቅሎ፣ ገመዱን በጥሶ፣ ካስማውን ነቅሎ፣ ከአጥንት አጥንት እየተንጠላጠለ አንጎሏ ላይ ሰፍሮ ነበር። ሐኪሞቹ በማይክሮስኮፕ አዩት አሉ፤ ግን ሲሮጥ ሊደርሱበት አልቻሉም። ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር። የጽዳት ዘመቻ ጥሪ ለማድረስ ሁለት ሳምንት የሚፈጅበት ያ ሁሉ አደረጃጀት ይህን ወሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ወረዳ አዳረሰው።

"ሦስት ወር ሰጥተዋታል።"

"ምን ሦስት ወር! ፋሲካንም አትደርስ። ሐኪሟ ራሷ ስታለቅስ ታይታለች።"

"ብቻ ቢላዋ እንዳያስነኳት። ቢላዋ ከነካውማ እንደ ተፈታ ጤፍ ከረጢት ነው የሚበተነው።"

ወሬው ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ይቺው ፋሲካን አትደርስም የተባለች ሴት በዚያው ሰኞ ጠዋት ሸራ ተራ ከሚገኘው ሱቋ በራፍ ላይ አንድ ጥቅል ሸራ ከኩሊ ትከሻ ስታወርድ ታይታለች። "ያዝ እንጂ ሰውዬ! ከሥጋው ጋር አብረህ ጉልበትህንም ጾምክ እንዴ?" እያለች። ነቀርሳው እውነት አንጎሏን ከያዘ ምላሷን አልነካውም ማለት ነው። ሊሞት የደረሰ ሰው ኩሊ የሚሰድብበት አቅም ከየት ያገኛል? ደግሞ ሐኪም ስታለቅስ ያየው ማን ነው? ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። የሚያውቅ ሰው የሚያውቅ ግን በሽ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ይህን ወሬ መርካቶ በሙሉ ሲያውቅ አንዲት ሰው ብቻ አለማወቋ ነው፤ እሷም ባለ ጡቷ ነች።

ውባንቺ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። ከቢቸና የመጣችው ኩሊ የነበረውን ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጅም አልነበራትምና ሸራና መርፌ ቀሯት። ስፌቱን የተማረችው ከባልደረባዋ ከሐጀራ አባት ሲሆን፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ እሷና ሐጀራ አንድ ሱቅ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበር እየተጋሩ ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ሰፍተዋል። ወንበሩ አንድ የሆነው ሌላ ለመጨመር ቦታ ስለሌለ ነው። አንዷ መኪናው ላይ ስትቀመጥ ሌላዋ ቆማ ትቆርጣለች። የመቆምና የመቀመጥ ተራ ላይ ብቻ ይጣላሉ።

ኢሕአዴግ ሲገባና የደርግ ጦር ሲበተን የወታደር ድንኳን መርካቶ ላይ እንደ ጎመን ተዘርግቶ ተቸበቸበ። ነጋዴው ሁሉ ለጭነት መኪና ማልበሻ ሲሻማ፣ ውባንቺና ሐጀራ ያን አረንጓዴ ሸራ ተርትረው፣ ደምና ናፍጣ የጠጣውን አጥበው፣ ለየዕድሩ የለቅሶ ድንኳን አደረጉት። ጦር ያደረበት ሸራ እናቶች የሚያለቅሱበት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ከተማ ውስጥ በውባንቺ ስፌት ሥር ተቀምጦ ንፍሮ ያልዘገነ ሰው ካለ ገና አልተወለደም።

ውባንቺ መንገድ በስም አታውቅም። ሰፈር የምታውቀው በልኩ ነው። የትኛውም ግቢ ለለቅሶ ወይ ለሠርግ አንዴ ከገባች በእግሯ ትለካውና እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳውም። የፋና ግቢ አሥር በስድስት ነው፤ የብሳናው ግንድ እንዲያልፍ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ይፈልጋል። የሐኪም መስፍን ግቢ ዘጠኝ በዘጠኝ ነው፤ ውሻው ስላለ አንዱ ካስማ ከግንቡ ላይ ይታሰራል። "የማን ቤት ነው?" ብለው ሲጠይቋት "የቱ? አሥራ አንድ በአምስቱ?" ትላለች።

እብጠቱን ያገኘችው በመጋቢት ነው። ሸራ ስታጥፍ ደረቷ ላይ ተጫናትና በእጇ ስትዳስስ ሽንብራ የምታህል ነገር አገኘች። ለሐጀራ አሳየቻት። ሐጀራ ሱቁን ዘግታ በክንዷ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደቻት። እዚያ በመርፌ ናሙና ወሰዱና ውጤቱን ዓርብ ኑ አሉ። ዓርብ ግን የአንድ ለቅሶ ድንኳን መድረስ ነበረበት። የሟች ባሏ ወንድም ዘውገ፣ ጎማ ተራ ጎማ የሚቸረችር ደግ ሰው፣ "ወረቀት መቀበል ምን አለው፣ እኔ እሄድልሻለሁ" አለ። ሄደ። ሲመለስ "ገና አልደረሰም፣ ቆይቶ ይነገራል አሉ" ብሏት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ካሳ ሱቋ በር ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጋሽ ካሳ ባርኔጣ የሚያወልቁት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙና ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

"እንደምን አደሩ፣ እትዬ ውባንቺ?"

ውባንቺ ከኋላዋ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዘወር ብላ አየች። ለሃያ ዓመት "አንቺ ሴትዮ!" እያሉ የጠሯት ሰው ናቸው።

"ምነው ጋሼ? ዛሬ ደግሞ እርስዎ አሉኝ? የወረዳው ሊቀ መንበር አደረጉኝ እንዴ?"

"ኧረ እንዲያው ነው... ድንኳን ፈልገን ነበር። ትልቅ። ለከባድ ለቅሶ።"

"ውይ! ማን ሞተ?"

"ማንም! ማንም አልሞተ። ለመጠባበቂያ ነው።"

"ለቅሶ በመጠባበቂያ?" ሐጀራን ለማሳቅ ዞር አለች። "ሰማሽ ሐጀራ? መብራት ኃይል እንኳ መጠባበቂያ የለውም፣ እኛ ለቅሶ አለን!"

ሐጀራ አልሳቀችም። መኪናው ላይ አጎንብሳ ክር የሌለውን መርፌ ታስኬድ ነበር።

"ልኩስ?"

ጋሽ ካሳ ከኪሳቸው ቁራጭ ወረቀት አውጥተው አነበቡ። "አሥራ ሁለት በሰባት። በግራ በኩል ማዕዘኑ ላይ ሁለት ክንድ ይጎደል። ሸራው ደግሞ ጥሩ ይሁን፤ ሟቹ... ሰው የሚወደው ነው።"

"ገና አልሞተም አላሉም?"

"አልሞተም። ግን ይወደዳል" አሉና ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ሄዱ።

ውባንቺ ያን ቀን በደስታ ዋለች። ጥሩ ሸራ፣ ሰፊ ሥራ፣ ሰው የሚወደው ሟች! ከጥቅሉ የማይሸበሸብ፣ ዝናብ የማያሳልፈውን መርጣ አወጣች። ረቡዕ ጠዋት መሬት ላይ ዘርግታ አሥራ ሁለት ቆጠረች፣ ሰባት ቆጠረች። ከዚያ በግራ በኩል ያለውን ማዕዘን ለማጉደል ጠመኔ አነሳች።

ጠመኔው ሸራው ላይ ቆመ።

አሥራ ሁለት በሰባት የሆነ ግቢ ተክለ ሃይማኖት ዙሪያ አራት አለ። ሁሉንም በእግሯ ረግጣለች። አንዱ ዝግባ አለበት፣ አንዱ ደረጃ አለበት፣ ሦስተኛው አራት ማዕዘን እንደ ሳጥን ነው። በግራ በኩል የውኃ ቧንቧ ቆሞበት ድንኳን የሚያስጎድለው አንድ ግቢ ብቻ ነው። እዚያ ቧንቧ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጀሪካን ቀድታበታለች።

ጠመኔውን አስቀመጠች።

"ሐጀራ፣ ይሄ የእኔ ግቢ ነው።"

ሐጀራ ከመኪናው ቀና አለች። ዓይኗ ከትናንት ጀምሮ ያበጠ መሆኑን ውባንቺ ያን ጊዜ አየች።

"ያልጠየቅሽኝን ምን ልበልሽ?" አለች ሐጀራ፣ እንባዋ አፏ ውስጥ እየገባ። "ዘውገ ቁርዓን አስይዞኛል። አለቀላት አለ፣ ነቀርሳው ሄዷል አለ። ከነገርሻት በድንጋጤ ትሞትብኛለች አለ። ሁሉም ነው የሚያውቀው፤ ወያላው ሳይቀር።"

"የራሴን ለቅሶ ድንኳን እያሰፋችሁኝ ነው?"

"ጋሽ ካሳ ሌላ ጥሩ ሰፊ የለም አሉ።"

ይህ እንደ ምስጋና ሊቆጠር ይችል ነበር፤ ውባንቺ ግን የምትቆጥርበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ሕመሙ አልነበረም ያናደዳት፤ ሞትም አይደለም፤ ሞትን ሃያ ዓመት ጣሪያ ስትሠራለት ኖራለች። ያቃጠላት ሌላ ነው። ጡቱ የእሷ፣ እብጠቱ የእሷ፣ ውጤቱ ግን የሰፈሩ! ጋሽ ካሳ ማዕዘኑን ሳይቀር ለክተዋል። ለለቅሶው የሚመጣው ዘመድ ስንት አውቶብስ እንደሚፈልግ ሳይመክሩም አይቀሩ። ብቻ አንዲት ሰው እንዳትደነግጥ ታዝኖላታል። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! በግ እንኳ ሲታረድ ቢላዋውን ያያል።

ጠመኔውን እንደያዘች ጎማ ተራ ድረስ ሄደች። ዘውገን ጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ተነሳ፤ መሸሻ አጥቶ እንደገና ተቀመጠ።

"ሐኪሟ ምን አለችህ? ቃል በቃል!"

"ተረጋጊ ውባዬ፣ እግዜር..."

"እግዜርን ተወው፣ እሱን ኋላ በቀጥታ አገኘዋለሁ አላችሁ አይደል? ሐኪሟ ምን አለች?"

ዘውገ ጎማውን በእጁ እየዳበሰ ነገራት። ዓርብ ሐኪሟን ዶክተር ሩታን ኮሪደር ላይ አግኝቶ ውጤቱን ጠየቃት። እሷም "ለራሷ ነው የምናገረው" አለችው። እሱም እንደው ለነገሩ "ለመሆኑ ነቀርሳ እንዴት ነው የሚዛመተው?" አላት። ሐኪሟ ቆማ አስረዳችው።

"ገመዱን ይቆርጣል፣ ከጎረቤቱ ይላቀቃል፣ እጅ እያወጣ ይሄዳል አለችኝ።"

"የቱ? የእኔ?"

"ነቀርሳ።"

"የእኔ ነቀርሳ?"

"ነቀርሳ ነቀርሳ ነው እንጂ ሴትዮ! የማን የማን ተብሎ በስም ይጠራል እንዴ?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምን ይጠየቃል? 'ራሷ ትምጣ' ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? ይህን ወረቀት ሰጠችኝ፤ ለቀዶ ጥገና ሐሙስ ትግባ ብላ። ለምን ትሰቃያለች ብዬ... ቢላዋ ከነካው ይበተናል ስለሚሉ..." ከውስጥ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "ለአንቺው ብዬ ነው።"

ውባንቺ ወረቀቱን ነጠቀችው። ቀጠሮው ነገ ነበር።

ዘውገ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነበር የሰማው፤ ነቀርሳ ሁሉ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የተነገረውን ይዞ የሷ ምን እንዳደረገ የሚናገረውን ሳይሰማ ሮጠ። ያን ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለዕድሩ፣ ዕድሩ ለመርካቶ አደረሰው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ሆስፒታል ተመልሶ "እውነት ነው?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። ድንኳን የሚያዝ ግን ወዲያው ተገኘ!

ከሰዓት በኋላ ውባንቺ ዶክተር ሩታ ቢሮ ደረሰች፤ ሐጀራ ከኋላዋ እየተንጠባጠበች። ዶክተር ሩታ ቀጭን፣ ፀጉሯን በእርሳስ የምትጠቀልል ወጣት ሐኪም ነች፤ የምታየው በሽተኛን ሳይሆን ከበሽተኛ የተቆረጠ ናሙናን ነው።

"እትዬ ውባንቺ! እርስዎን ከዓርብ ጀምሮ ነው የምጠብቀው፤ አማችዎ አልነገሩዎትም?"

"እሱ ለቅሶዬን እያሰናዳ ነው፤ ጊዜ አጣ። ንገሪኝ ልጄ። ሳትቀንሽ ሳትጨምሪ።"

ሐኪሟ ማይክሮስኮፑን አስተካክላ አሳየቻት። ውባንቺ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች፤ ቡናማ ቀለም የጠጡ ክቦች ተጠጋግተው ቆመዋል።

"ነቀርሳ ነው" አለች ሩታ። "እሱን አልደብቅዎትም። ሴል ሁሉ ግን በውስጡ ምሰሶና ገመድ አለው፤ ቅርፁን ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው።"

"ገመዱ ከምንድነው?"

"ከፕሮቲን።"

"ሥጋ ነው በይኛ።"

"እንደሱ ይበሉት። የጡት ሴሎች ኬራቲን የሚባል ገመድ አላቸው፤ በሱ ተያይዘው በረድፍ ይቆማሉ። አንዳንድ ነቀርሳ ያን ገመድ ይጥልና ቪሜንቲን በሚባል ሌላ ይለውጠዋል። ያን ጊዜ ከጎረቤቱ ይላቀቃል። አክቲን የሚባል ሌላ ክር ወደ ፊት ይዘረጋል፣ እዚያ ካስማ ይተክላል፣ ራሱን ይጎትታል። እንዲያ እያለ ይሄዳል።"

"ድንኳኑን ነቅሎ የሚሰደድ ነዋ።"

"በትክክል። ገመዱን የለወጠው ብዙ ጊዜ ክፉ ነው። እኛ ናሙናውን ቀለም እየነከርን የትኛውን ገመድ እንደያዘ የምናጠናው ለዚህ ነው።"

ውባንቺ ዓይኗን ከመስታወቱ ላይ አላነሳችም። "የእኔስ የትኛውን ይዟል?"

"ኬራቲኑ በቦታው ነው። ቪሜንቲን አልታየበትም። ይሄ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ጥናቱ ገና ነው፣ እኔም ነቢይ አይደለሁም። ግን እብጠቱ ትንሽ ነው፣ ብብትዎ ላይ የሚዳሰስ ንፍፊት የለም። ይህ ሁሉ ሲደመር ተስፋው ጥሩ ነው፤ በጊዜ ከወጣ።"

"ቢላዋ ሲነካው ይበተናል የሚሉትስ?"

"ብዙ ሰው ታሞ ታሞ፣ ነቀርሳው ከሄደ በኋላ ነው ወደኛ የሚመጣው። ከዚያ ሲሞት ቢላዋው ነው ይላሉ።"

"ነገ ባልመጣስ?"

"ቀጣዩ ወረፋ መስከረም ነው። ገመድ መለወጥ ደግሞ በየትኛውም ቀን ሊጀምር ይችላል።"

ውባንቺ ቀና አለች። ወደ ሐጀራ ዞረች።

"ገባሽ ሐጀራ?" አለች። "ሄዷል ብለው ሊቀብሩኝ ነው። እሱ ግን አልሄደም። እንዲሄድ እስከ መስከረም ጊዜ የሰጡት እነሱ ናቸው!"

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብታ ተኛች። ዘውገ ሆስፒታሉ በር ላይ ብርቱካን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ብርቱካኑን ተቀብላ እሱን ውጭ ተወችው። ዓርብ እብጠቱ ተቆርጦ ወጣላት።

መርካቶ ግን ወሬውን የሚተው መሰላችሁ? ቅዳሜ ማታ "ቢላዋው ላይ ቀረች" ተባለ። እሁድ አስከሬኗ ወደ ቢቸና መላኩን ያዩ ሰዎች ተገኙ፤ የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ይናገራሉ። "ቤተሰቡ ደብቆ ነው" ተባለ። አንዱማ ልብሷን ለማን እንዳወረሰች ያውቅ ነበር።

በሦስተኛው እሁድ የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ካሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ለሟች እህታችን አንድ አፍታ እንቁም ሊሉ ነው። ሕዝቡ ተነሣ። በዚያ ዝምታ መሐል ከበሩ በኩል "ወደ ግራ! ወደ ግራ በል፣ ሰው ትረግጣለህ!" የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ኩሊ ትከሻው ላይ የታጠፈ ሸራ ጭኖ ገባ፤ ከኋላው ውባንቺ፣ ግራ ክንዷን በሻሽ አንግታ፤ ከሷ ኋላ ሐጀራ።

"በስመ አብ ወወልድ!" አሉ ጋሽ ካሳ።

"ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ያዘዛችሁትን አምጥቼ ነው።"

ኩሊው ጥቅሉን መሬት ላይ ጣለና ዘረጋው። ጥሩ ሸራ ነበር፤ ስፌቱ የሐጀራ፣ ቁርጡ የውባንቺ። ጋሽ ካሳ አፍረው የሚያደርጉት ሲያጡ ዙሪያውን እየዞሩ መረመሩት። ግራ ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ ማዕዘን... ለቧንቧው ይጎደል ብዬ ነበር እኮ።"

"ሞላሁት።"

"እንዴ! እንዲህማ ከሆነ ግቢሽ አይገባም!"

"አይገባማ። ለሌላ ግቢ ውሰዱት።" አንቺ መባሏ ደስ ብሏት ትንሽ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። ዘውገ ከኋላ ረድፍ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። "ነቀርሳዋ ሄደ አላችሁ፤ አልሄደም። ከብብቴ አሥራ አንድ ንፍፊት አውጥተው አንድ በአንድ አይተውታል፣ አንዱም ላይ የለም። ገመዱን በጠሰ አላችሁ፤ አልበጠሰም። ቢላዋ በተነው አላችሁ፤ አልተበተነም። ሐኪሟ አለቀሰች አላችሁ፤ አላለቀሰችም። ፋሲካን አትደርስም አላችሁ፤ ዶሮዬን ገዝቻለሁ። ሞተች አላችሁ፤ አልሞትኩም። አንዱም እውነት አይደለም። አንዱም!"